የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል በየሰዓቱ ሲጠየቅ፦ ከቱሉ ዲምቱ የአንድ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት የጉዳይ ጥናት

የጉዳዩ ዳራ

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ከሚነሣበት ከቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ በአንድ የኮንዶሚኒየም ሕንፃ ምድር ቤት የሚገኝ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤትን ነው። የባለቤቷም ሆነ የሠራተኞቹ ስም ሆን ተብሎ ቀርቷል።

ቤቱ አራት ኮምፒውተሮች አሉት። ሦስቱ ደንበኛ በሚስተናገድበት ባንኮኒ ላይ የተደረደሩ ያገለገሉ ዴስክቶፖች ሲሆኑ በዊንዶውስ ምትክ የሚያገለግለው ሊኑክስ ሚንት 21 ተጭኖባቸዋል። አራተኛው ዘግይቶ የተገዛና ባለቤቷ ሒሳብ የሚሠሩበት ነው፤ በእሱ ላይ ያለው ሊኑክስ ሚንት 22 ነው። ይህ የእትም ልዩነት በመጀመሪያ ሲታይ ከቁም ነገር የማይገባ ቢመስልም፣ በኋላ እንደሚታየው ለነገሩ ሁሉ መወሳሰብ ዋነኛው ምክንያት እሱ ሆኖ ተገኝቷል።

ቤቱ ዊንዶውስን የተወው በቫይረስ ምክንያት ነው። በአንድ ቀን የብዙ ደንበኞች ፍላሽ በአንድ ማሽን ላይ በሚሰካበት ቦታ፣ የደንበኛውን ፋይሎች ደብቆ በምትካቸው አቋራጭ ምልክት የሚተወውና በተለምዶ «ሾርትከት ቫይረስ» የሚባለው ነገር ሥራውን በተደጋጋሚ ሲያስተጓጉል ቆይቷል። ሊኑክስን የጫነላቸው በዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረ የባለቤቷ ዘመድ ነው። እሱም በየማሽኑ ላይ ሁለት አካውንት ከፈተ፦ አንዱ በባለቤቷ ስም የተከፈተና የአስተዳዳሪነት መብት ያለው፣ ሌላው «ሠራተኛ» የተባለና ተራ መብት ብቻ ያለው። የሠራተኛው አካውንት ማሽኑ ሲበራ የይለፍ ቃል ሳይጠይቅ በራሱ እንዲከፈት ተደርጓል። በመሠረቱ ይህ አደረጃጀት ጥሩ ነበር። የጎደለው፣ ሠራተኞቹ በቀን ተቀን ሥራቸው የትኞቹን የአስተዳዳሪ ተግባራት እንደሚነኩ አስቀድሞ አለመታየቱ ነው።

ችግሩና የተባባሰበት መንገድ

ባለቤቷ ሁልጊዜ ቤቱ ውስጥ አይገኙም። እሳቸው በሌሉበት የይለፍ ቃል የሚጠይቅ መስኮት ብቅ ሲል ሠራተኞቹ ስልክ ይደውላሉ፤ እሳቸውም ቃሉን በስልክ ይነግራሉ፤ የሰማችው ሠራተኛ ደግሞ ለማረጋገጥ ደንበኞች በተሰለፉበት ጮክ ብላ ትደግመዋለች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የይለፍ ቃሉ በአንደኛው ሞኒተር ጥግ ላይ በወረቀት ተጽፎ ተለጠፈ። ነገሩ አላምር ያላቸው ባለቤት ቃሉን ለወጡትና ጥያቄው ጨርሶ እንዲቀርላቸው በአካባቢው ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ወጣት አስጠሩ።

ወጣቱ ከኢንተርኔት ያገኘውን የፖልኪት የደንብ ፋይል በአራቱም ማሽኖች ላይ አስቀመጠ። ፖልኪት ማለት በሊኑክስ ዴስክቶፕ ላይ አንድ ፕሮግራም ከመብቱ በላይ የሆነ ነገር ሊሠራ ሲል «ይህ ሰው ይህን እንዲያደርግ ይፈቀድለት ወይ?» ብሎ የሚወስነው አገልግሎት ነው፤ በመስኮት የሚመጣው የይለፍ ቃል ጥያቄም ከእሱ የሚመነጭ ነው። ፋይሉ ሲነበብ ማንም ምንም ቢጠይቅ «አዎ» በል የሚል ነበር። በባለቤቷ ማሽን ላይ ወዲያው ሠራ፤ በባንኮኒው ሦስት ማሽኖች ላይ ግን ምንም ለውጥ አላመጣም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ፖልኪት ጃቫስክሪፕት በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚጻፉ ደንቦችን መቀበል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው 0.106 እትም ነው። ሚንት 21 የተመሠረተበት ሌላው የሊኑክስ ዓይነት ኡቡንቱ 22.04 ደግሞ ከዚያ በፊት የነበረውን 0.105 እትም ይዞ የቆየ ስለሆነ፣ የሚያነበው ፒኬኤልኤ በሚል ቅጥያ የሚቀመጡትን የቀድሞ ዓይነት ፋይሎች ነው። በአንጻሩ ሚንት 22 የተመሠረተበት ኡቡንቱ 24.04 አዲሱን ይጠቀማል። ደንቡ ባልገባው እትም ላይ ሲቀመጥ የስህተት መልእክት አይመጣም፤ ዝም ብሎ ይታለፋል። ወጣቱ ይህን ስላላወቀ ሦስቱ ማሽኖች ተበላሽተዋል ብሎ ደመደመ።

ቀጥሎ ወደ ሱዶ ዞረ። ሱዶ በተርሚናል ላይ፣ ማለትም ትዕዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት፣ አንድን ትዕዛዝ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ለማስኬድ የሚያገለግል ፕሮግራም ነው። ወጣቱ በሱዶ የደንብ ፋይል ላይ «ሠራተኛ» የተባለው አካውንት ማንኛውንም ትዕዛዝ ያለ ይለፍ ቃል እንዲያስኬድ የሚፈቅድ መስመር ጨመረ። አሁንም በመስኮት የሚመጣው ጥያቄ አልቀረም፤ ሊቀርም አይችልም ነበር። ሱዶና ፖልኪት ሁለት በር ባለው ግቢ ውስጥ በየበሩ እንደቆሙ ዘበኞች ናቸው፤ አንደኛው የያዘውን የስም ዝርዝር ሌላው አያየውም። ፖልኪት አስተዳዳሪ ማን እንደሆነ የሚያውቀው በኡቡንቱ ቤተሰብ ውስጥ ሱዶ የሚባለውን ቡድን አባላት በማየት እንጂ የሱዶን የደንብ ፋይል በማንበብ አይደለም። ስለዚህ ማንም ያላሰበው ውጤት ተገኘ፦ በመስኮት በኩል ሠራተኛዋ ሰዓት እንኳን ማስተካከል አትችልም፤ በተርሚናል በኩል ግን ዲስኩን ጠቅላላ ብታጠፋ የሚያስቆማት ጥያቄ የለም።

የመጨረሻው እርምጃ ቤቱን አቆመው። ወጣቱ የደንብ ፋይሎቹን በፋይል ማኔጀር ከፍቶ እንደ ልብ ለማረም ስለፈለገ፣ ከባንኮኒው ማሽኖች በአንደኛው ላይ የሲስተሙ ቅንብሮች የሚቀመጡበትን ኢቲሲ የተባለ ፎልደር ከነውስጡ 777 ወደሚባለው ፈቃድ ቀየረው፤ ይህም ማንም እንዲያነብ፣ እንዲጽፍና እንዲያስኬድ የሚል ነው። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ሱዶ የደንብ ፋይሉ ለሁሉም ክፍት መሆኑን ገልጾ አልሠራም አለ። ሱዶ የገዛ ደንቡን ማንም ሊጽፍበት እንደሚችል ካየ ደንቡን አያምንም፤ ይህ ጉድለት ሳይሆን ሆን ተብሎ የተሠራ ጥንቃቄ ነው። ወጣቱ ማሽኑን ደጋግሞ ካስነሣ በኋላ «ፎርማት መደረግ አለበት» ብሎ ሄደ። እኔ የተጠራሁት በዚህ ጊዜ ነው።

የፈረሰውን መጠገን

በመጀመሪያ ሱዶን መመለስ ያስፈልግ ነበር። ሱዶ ሲሰበር ብዙ ሰው ማሽኑ የተዘጋበት ይመስለዋል፤ ሆኖም ፖልኪት የራሱ የሆነ ትዕዛዝ ማስኬጃ አለው፤ ፒኬኤግዜክ ይባላል። የሱዶን የደንብ ፋይል ስለማያነብ፣ የሱዶ መሰበር እሱን አይነካውም። በባለቤቷ አካውንት ገብተን በፒኬኤግዜክ አማካይነት የሱዶውን የደንብ ፋይል ወደ ትክክለኛ ፈቃዱ ማለትም ባለቤቱና ቡድኑ እንዲያነቡት ብቻ ወደሚፈቅደው 0440 ስንመልሰው ሱዶ ወዲያው ተነሣ። ይህ ባይሳካ ኖሮ ማሽኑ ሲነሣ ከሚመጣው የግራብ ምናሌ ወደ መጠገኛ ሁኔታ በመግባት በሩት ሼል፣ ማለትም ሙሉ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ባለው የትዕዛዝ መስኮት፣ ማስተካከል ይቻል ነበር። በነገራችን ላይ ይህ ሁለተኛው መንገድ በተለመደው የኡቡንቱ አደረጃጀት የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ ማሽኑ አጠገብ ተቀምጦ ማስነሣት የሚችል ሰው ሁሉ አስተዳዳሪ መሆን ይችላል ማለት ነው። ዲስኩ ካልተመሰጠረ በስተቀር የይለፍ ቃል ብቻውን ማሽኑን አይጠብቅም።

የሱዶ መነሣት ግን ሥራውን አልጨረሰውም። በኢቲሲ ሥር ያሉት ብዙ መቶ ፋይሎች ሁሉም 777 ሆነዋል፤ ከእነሱም መካከል የይለፍ ቃሎች በተመሰጠረ መልክ የሚቀመጡበት ሻዶው የተባለው ፋይል ይገኛል። እነዚህን አንድ በአንድ ማስተካከል አይታሰብም። ሚንት ታይምሺፍት የሚባል የሲስተም ቅጂ ማስቀመጫ አለው፤ በዚህ ቤት ግን ማንም አላዘጋጀውም ነበር። ያዳነን ጎን ለጎን የተቀመጡት ማሽኖች አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው። ጤነኛ ከሆነው የሚንት 21 ማሽን ላይ የኢቲሲን ፋይሎች ባለቤትነትና ፈቃድ ጌትኤፍኤሲኤል በተባለው ትዕዛዝ በአንድ የጽሑፍ ፋይል መዘገብነው፤ ፋይሉን በፍላሽ ወደ ተበላሸው ማሽን ወስደን በሴትኤፍኤሲኤል የመመለሻ አማራጭ ተገበርነው። በጤነኛው ላይ ኖረው በተበላሸው ላይ የሌሉ ፋይሎች የስህተት መስመር ቢያወጡም ቀሪው ሥራ አይቆምም።

በተበላሸው ማሽን ላይ ብቻ ያሉ ፋይሎች ግን በዝርዝሩ ውስጥ ስለሌሉ በ777 እንደቀሩ ይቆያሉ። እነሱን ለማግኘት ፋይንድ በተባለው ትዕዛዝ ፈቃዳቸው 777 የሆኑትን ፈለግን። እዚህ ላይ ፍለጋውን በመደበኛ ፋይሎችና በፎልደሮች ብቻ መወሰን ያስፈልጋል፤ ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁሙ አገናኞች ምንጊዜም 777 ሆነው ስለሚታዩ ዝርዝሩን በከንቱ ያስረዝሙታል። የቀሩት ጥቂት ስለነበሩ በእጅ አስተካከልናቸው። ሻዶው የተባለው ፋይል ለሁሉም ተነባቢ ሆኖ በቆየበት ጊዜ ማን እንዳየው ማረጋገጫ ስለሌለ፣ በዚያ ማሽን ላይ የነበሩት የይለፍ ቃሎች ሁሉ እንዲለወጡ ተደርጓል። ባለቤቷ «ተስተካከለ አይደል እንዴ፣ ለምን እንለውጣለን?» ብለው ጠይቀው ነበር። ፈቃዱን መመለስ ከአሁን በኋላ ያለውን ይዘጋል፤ ከዚያ በፊት የተቀዳ ነገር ካለ ግን አይመልሰውም።

በመጨረሻም በአራተኛው ማሽን ላይ የተቀመጠው ለሁሉም «አዎ» የሚለው ደንብ፣ በሦስቱም ላይ ደግሞ ሱዶን ያለ ይለፍ ቃል የሚከፍተው መስመር ተነሡ። የሱዶ የደንብ ፋይል ሲታረም ቪሱዶ በተባለው መሣሪያ ብቻ መሆን አለበት፤ ቪሱዶ የአጻጻፍ ስህተት ካለ ሳያስቀምጥ ይጠይቃል፣ በተራ ማረሚያ የተጻፈ ስህተት ግን ሱዶን ሊያሰናክል ይችላል።

ጥያቄዎቹን መለየት

እስከዚህ ድረስ የተሠራው ቤቱን ወደ መነሻው መለሰው እንጂ የመነሻውን ችግር አልፈታም። መጀመሪያ ስለ መፍትሔ ማውራት ትተን ሠራተኞቹ አንድ ደብተር እንዲይዙ አደረግን። የይለፍ ቃል የሚጠይቅ መስኮት በመጣ ቁጥር ምን እየሠሩ እንደነበርና መስኮቱ ምን እንደሚል ይጽፋሉ። በመስኮቱ ላይ ዝርዝር የሚለው ሲከፈት የድርጊቱ መለያ ስም ስለሚታይ እሱንም እንዲገለብጡ ተነገራቸው፤ ፒኬአክሽን በተባለው ትዕዛዝ ደግሞ ያ ድርጊት በነባሪ ምን ዓይነት ፈቃድ እንደሚጠይቅ ማየት ይቻላል። ከደብተሩ የተገኘው ነገር ባለቤቷን ያስገረመ ነበር፤ ስፍር ቁጥር የለውም የተባለው ጥያቄ ከሰባት ዓይነት አይበልጥም።

አንደኛው የይለፍ ቃል ጥያቄ እንጂ የአስተዳዳሪ ጥያቄ አልነበረም። ብሮውዘሩ ሲከፈት የሚመጣው መስኮት የሚጠይቀው የተቀመጡ የይለፍ ቃሎች ማኅደር፣ ማለትም ኪሪንግ እንዲከፈት ነው። ይህ ማኅደር በተለመደው አሠራር ተጠቃሚው ሲገባ በሚጽፈው የይለፍ ቃል አብሮ ይከፈታል፤ አካውንቱ በራሱ እንዲከፈት ሲደረግ ግን የተጻፈ ቃል ስለሌለ ማኅደሩ ተቆልፎ ይቀራል። ሠራተኞቹ እዚህ መስኮት ላይ የባለቤቷን የይለፍ ቃል ሲጽፉና «አልቀበል አለ» ሲሉ ነው የከረሙት። በራሱ መከፈቱን አጥፍተን ሠራተኞቹ ጠዋት የራሳቸውን የይለፍ ቃል ጽፈው እንዲገቡ ስናደርግ መስኮቱ ቀረ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ግራ መጋባት ነበር። ጽሕፈት ቤቱ ቀኑን ሙሉ አማርኛ ስለሚጽፍ የቁልፍ ሰሌዳው አማርኛ ላይ እንዳለ ተርሚናል ውስጥ የይለፍ ቃል ይጻፋል፤ ሱዶ ደግሞ የሚጻፈውን ፊደል ራሱን ስለማያሳይ የግዕዝ ፊደል እየገባ መሆኑ አይታይም። ሠራተኛዋ ቁልፍ ሰሌዳው የተበላሸ መስሏት ሌላ አስገዝታ ነበር።

ፈቃድን በሥራው ልክ መስጠት

በብዛት ይመጣ የነበረው የዲስክ ጥያቄ ነው። የደንበኞች ሰነድ የሚቀመጠው ከዊንዶውስ ዘመን በቀረ የውስጥ ዲስክ ክፍል ላይ ሲሆን፣ ፍላሽ ሲሰካ ያለ ጥያቄ ቢከፈትም የውስጥ ዲስክን ክፍል መክፈት ግን የአስተዳዳሪ ፈቃድ ይጠይቃል። ለዚህ ማንንም ፈቃድ መስጠት አላስፈለገም። የዲስኩን ክፍል ማሽኑ ሲነሣ በራሱ እንዲያገናኘው በኤፍኤስታብ ፋይል ላይ በመለያ ቁጥሩ ተመዘገበ፤ ዲስኩ ባይገኝ ማሽኑ መነሣቱን እንዳያቆም ደግሞ ኖፌይል የሚለው አማራጭ ተጨመረ። ጥያቄው ከዚያ ወዲህ የሚመጣበት ምክንያት የለውም።

የሰዓቱ ጉዳይም ተመሳሳይ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰዓቱ ወደኋላ ይቀራል፤ በሚታተሙ ደረሰኞች ላይ የተሳሳተ ቀን ይወጣል፤ ሠራተኛዋ ለማስተካከል ስትሞክር የይለፍ ቃል ትጠየቃለች። ሰዓት መቀየር ከአስተዳዳሪ ፈቃድ ጋር መያያዙ ትክክል ነው፤ የሰነድ ቀንና የድረ ገጽ የደኅንነት ማረጋገጫ የሚታመኑት በሰዓቱ ነውና። የተበላሸው የማዘርቦርዱ ትንሿ ሲአር2032 ባትሪ ነበር። ባትሪዎቹ ተለወጡ፣ ሰዓትን ከኢንተርኔት የሚያስተካክለው አገልግሎትም መብራቱ ተረጋገጠ። በእኔ ግምት በዚህ ዓይነት ቤቶች ከሚነሡ የፈቃድ ቅሬታዎች ውስጥ የፈቃድ ያልሆኑት ይበዛሉ።

ለፕሪንተር አዲስ ደንብ መጻፍ አላስፈለገም። በኡቡንቱ ቤተሰብ ውስጥ ኤልፒአድሚን የተባለው ቡድን አባል የሆነ ተጠቃሚ ፕሪንተር መጨመር፣ የቆመ ወረፋ ማስነሣትና የሌላ ሰው ኅትመት መሰረዝ ይችላል። የሠራተኛው አካውንት በዚህ ቡድን ውስጥ ተጨመረ። ዩዘርሞድ በተባለው ትዕዛዝ ሰው ወደ ቡድን ሲጨመር «ጨምር» የሚለውን ትንሹን ኤ መርሳት ተጠቃሚውን ከነበረባቸው ሌሎች ቡድኖች ሁሉ ያስወጣዋል፤ ብዙ አስተዳዳሪ ራሱን ከሱዶ ቡድን ያባረረው በዚህ ነው። ለውጡ የሚታየውም ተጠቃሚው ወጥቶ እንደገና ሲገባ ነው።

ይሁንና መብራት በኅትመት መሃል ሲጠፋ አንዳንድ ጊዜ ወረፋውን ማስነሣት አይበቃም፤ ካፕስ የተባለው የኅትመት አገልግሎት ራሱ እንደገና መነሣት አለበት። ለዚህ ብቻ በሱዶ ላይ አንድ መስመር ተጻፈ፦ የሠራተኛው አካውንት ካፕስን እንደገና የሚያስነሣውን ትዕዛዝ፣ ከነሙሉ መንገዱና ከነቃላቱ እንደተጻፈ፣ ያለ ይለፍ ቃል ማስኬድ ይችላል። በትዕዛዙ ውስጥ ማንኛውንም ቃል የሚተካ ኮከብ አልተደረገም፤ የጽሑፍ ማረሚያ ወይም ፋይል መገልበጫ እንዲህ መፍቀድ ማሽኑን በሙሉ እንደመስጠት ይቆጠራል፣ ከብዙ ማረሚያዎች ውስጥ ሆኖ ሼል መክፈት ይቻላልና። መስመሩ በዋናው ፋይል ላይ ሳይሆን ለተጨማሪ ደንቦች በተዘጋጀው ፎልደር ውስጥ ለብቻው ተቀመጠ። በዚህ ፎልደር ውስጥ ስሙ ነጥብ ያለበት ፋይል ስለማይነበብ ስሙ ያለ ቅጥያ መሆን አለበት። በዴስክቶፑ ላይ «ፕሪንተር አስነሣ» የሚል ምልክት ተደርጎ ከዚሁ ትዕዛዝ ጋር ተያያዘ። ሠራተኞቹን ከሁሉ በላይ ያስደሰታቸው ይኸው ምልክት ነው።

የዋይፋይ ጥያቄ የሚመጣው የስልክ ሆትስፖት የይለፍ ቃል ተቀይሮ ለሁሉም ተጠቃሚዎች ተብሎ የተቀመጠውን ግንኙነት ለማረም ሲሞከር ነው። የድሮው ግንኙነት ተሰርዞ በሠራተኛው አካውንት ስም ብቻ ሲፈጠር ጥያቄው ቀረ።

እውነተኛ የፖልኪት ደንብ ያስፈለገው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ባለቤቷ በአካውንታቸው ገብተው ሳይወጡ ወደ ሠራተኛው አካውንት ሲቀይሩ ማሽኑ ሁለት ክፍት ሥራ ይይዛል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ሠራተኛዋ ማሽኑን ለማጥፋት ብትሞክር የሌላ ሰው ሥራ ሊጠፋ ስለሚችል የአስተዳዳሪ ፈቃድ ይጠየቃል። በተለመደው ጊዜ ይህ ተገቢ ጥንቃቄ ነው። መብራት ጠፍቶ ዩፒኤሱ እየጮኸ ባለበት ጊዜ ግን ባለቤቷን በስልክ መፈለግ ማሽኑ በድንገት እንዲጠፋ መፍረድ ነው። ስለዚህ ለሠራተኛው አካውንት፣ ማሽኑ ፊት ለፊት ተቀምጦ እስካለ ድረስ፣ ይህ አንድ ድርጊት እንዲፈቀድ ተጻፈ። በሦስቱ ማሽኖች በፒኬኤልኤ፣ በአራተኛው በጃቫስክሪፕት። ይዘቱ በሁለቱም አንድ ነው፦ ማን፣ የትኛውን ድርጊት፣ በምን ሁኔታ።

ሰባተኛው ጥያቄ፣ ማለትም ሶፍትዌር መጫንና ማዘመን፣ እንዳለ ተተወ። ባለቤቷ ራሳቸው ሳምንታዊ ዝማኔውን ያስገባሉ፤ ታይምሺፍትም ከዝማኔው በፊት ቅጂ እንዲያስቀምጥ ተዘጋጅቷል። ሱዶ አንዴ የተጻፈለትን የይለፍ ቃል በኡቡንቱ ነባሪ ለ15 ደቂቃ ስለሚያስታውስ፣ እሳቸውም በየትዕዛዙ አይጠየቁም። ጊዜውን እንድናስረዝምላቸው ጠይቀው ነበር፤ ባንኮኒ ላይ ተከፍቶ የሚተው ተርሚናል ላለበት ቤት 15 ደቂቃው ራሱ ብዙ ነው ብዬ አልተስማማሁም።

ያልሠራው

ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱ አካውንት እንዲኖረው የተደረገው ሙከራ አልዘለቀም። ዓላማው በመዝገቡ ላይ ማን ምን እንዳደረገ እንዲታይ ነበር። ነገር ግን ደንበኛ በተሰለፈበት ሰዓት ማንም ከአንዱ አካውንት ወጥቶ ወደ ሌላው አይገባም፤ ጠዋት ቀድሞ የገባው ሰው አካውንት እስከ ማታ ክፍት ሆኖ ይውላል፤ መዝገቡም ያልሠራውን ሰው ስም ይጽፋል። የሐሰት መዝገብ ከመያዝ የጋራ መሆኑ የታወቀ አካውንት ይሻላል ብለን ወደ «ሠራተኛ» ተመለስን። ጉዳቱ ግልጽ ነው፤ ከሁለቱ ሠራተኞች የትኛዋ ፕሪንተሩን እንዳስነሣች ከመዝገቡ ማወቅ አይቻልም። ለፕሪንተር ይህ ይበቃል፤ ገንዘብ ለሚንቀሳቀስበት ማሽን ግን አይበቃም፣ ስለዚህ ከሒሳቡ ማሽን ላይ የጋራው አካውንት በኋላ ጨርሶ ተነሥቷል።

ታይምሺፍትም በመጀመሪያ ችግር ፈጥሮ ነበር። የባንኮኒው ማሽኖች ዲስክ ትንሽ ስለሆነ ቅጂዎቹ ቦታውን ሞሉት፤ የሚቀመጡት ቅጂዎች ቁጥር እንዲቀንስ ሲደረግ ተስተካከለ።

ሌላው በጊዜ ብቻ የተፈታ ነገር ፍርሃት ነው። ሱዶ ያልተፈቀደለትን ሰው ሲከለክል ጉዳዩ ሪፖርት እንደሚደረግ የሚገልጽ መልእክት ያወጣል። አንደኛዋ ሠራተኛ በስህተት ይህን አይታ «ለማን ነው የሚነገረው?» ብላ ለሁለት ቀን ያህል ተርሚናሉን አልነካም አለች። የሚደረገው በዚያው ማሽን መዝገብ ላይ መጻፍ ብቻ መሆኑን መዝገቡን ከፍተን አሳየናት፤ የራሷን መስመር ካየች በኋላ ሳቀች፣ ባለቤቷም አብረው አዩት።

ለሌሎች ቤቶች የሚሆኑ ነጥቦች

የይለፍ ቃል ጥያቄ ሲበዛ የመጀመሪያው ሥራ ጥያቄዎቹን መቁጠርና መሰየም ነው። በዚህ ጉዳይ ከሰባቱ ሦስቱ፣ ማለትም የዲስኩ፣ የሰዓቱና የኪሪንጉ፣ ለማንም ምንም ፈቃድ ሳይሰጥ ቀርተዋል። የዋይፋዩ የግንኙነቱን ባለቤት በመቀየር ቀርቷል። ፈቃድ መስጠት ያስፈለገው ለፕሪንተሩና ለማጥፋት ብቻ ነው። ሁሉን የሚከፍት አንድ መስመር ከመጻፍ ይልቅ ይህን መንገድ መከተል ጊዜ የሚወስደው በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ነው።

ከኢንተርኔት የተገኘ ደንብ ከመቀመጡ በፊት ማሽኑ የያዘው የፖልኪት እትም ይታይ። በአንድ ቤት ውስጥ የተለያየ እትም ካለ አንዱ ላይ የሠራው በሌላው ላይ አለመሥራቱ የማሽኑ ብልሽት ምልክት አይደለም።

የይለፍ ቃልን ለሠራተኛ መንገርና ጥያቄውን ጨርሶ ማጥፋት በውጤታቸው አንድ ናቸው፤ የመጀመሪያው የባሰ የሚሆነው የሠራተኛው ተግባር በባለቤቱ ስም ስለሚመዘገብ ነው። ፖልኪት ተራ ተጠቃሚ የአስተዳዳሪ ሥራ ሲጀምር የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል በዚያው መስኮት ይጠይቃል፤ ስለዚህ ባለቤቷ ቤቱ ውስጥ ካሉ መጥተው ራሳቸው ይጽፉታል፣ ለማንም መንገር አያስፈልጋቸውም።

የፋይል ፈቃድ ችግር በ777 አይፈታም፤ በተለይ በኢቲሲ ሥር። አንድ ፋይል ማረም ካስፈለገ ያ አንድ ፋይል በአስተዳዳሪ መብት ተከፍቶ ይታረማል። አንድ ዓይነት ማሽኖች ያሉበት ቤት ደግሞ ከጤነኛው ላይ የፈቃድ ዝርዝሩን አስቀድሞ በጌትኤፍኤሲኤል መዝግቦ በፍላሽ ቢያስቀምጥ፣ ፋይሉ ጥቂት ቦታ ይዞ «ፎርማት ይደረግ» ከሚለው ፍርድ ያድናል።

የአስተዳዳሪ መብት ከአንድ አካውንት ከመነሣቱ በፊት ሌላው አስተዳዳሪ በራሱ አካውንት ገብቶ ሱዶን በእርግጥ ማስኬዱ ይታይ። የሱዶ ደንብ በሚታረምበት ጊዜም ሥራው እስኪረጋገጥ ድረስ ሁለተኛ ተርሚናል በሩት ሥልጣን ተከፍቶ ይቆይ፤ አዲሱ ደንብ በሌላኛው ተርሚናል ተሞክሮ ከሠራ በኋላ ይዘጋል።